ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ በእግሩም በእጁም የተወዳደረው ወታደር

ስለ አበበ ቢቂላ ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። በስደት ካምፕ ተወልዶ አገሩን ያላየ ልጅ ሳይቀር ስሙን ያውቃል። እዚህ ጁባ፣ ጀበል ኩጁር አካባቢ ለማስተምራቸው ልጆች ስሙን ስጠራ ሁሉም እጃቸውን ያወጣሉ፤ መልሳቸውም አንድ ነው፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ነው የሚሉት። ከዚያስ ስላቸው አንዳንዱ ቶኪዮን ይጨምራል። ከቶኪዮ በኋላ ስላለው ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ የሚታወቀውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፋለሁ፤ ብዙ ያልተወራለትን የመጨረሻውን አራት ዓመት ተኩል ደግሞ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። በየካምፑ በጥይት፣ በፈንጂ ወይም በመኪና አደጋ እግራቸው ከሥራ ውጪ የሆነ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ከእነሱም ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። አበበም እኮ ከሁሉ በፊት ወታደር ነበር። (ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲህ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ጣሊያን አገሩን ወረረ። ቤተሰቡም እንደ ብዙው ሕዝብ ቀየውን ለቅቆ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ቦታ ተሰደደ፤ በኋላ ነው ወደ ጃቶ የተመለሰው። ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይደለም፤ እኛ ግን ልናነሳው ይገባል። በዓለም የታወቀው ሯጭ የልጅነቱን ጊዜ በከፊል ያሳለፈው ተፈናቅሎ ነው።

በልጅነቱ የሚወደው ጨዋታ ገና ነበር። ገናን የተጫወተ ያውቀዋል። ግቡ ከግብ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ በዱላ ሩሯን እያሳደዱ ሜዳና ገደል ሳይሉ ሲሮጡ መዋል ነው። ከብት ጥበቃውም ሩጫ ነው። እንግዲህ አሰልጣኝ ሳያገኝ በፊት እግሩ በዚህ ነው የጠናው።

በ1944 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ክብር ዘበኛ ማለት የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው፤ ሥርዓቱ የጠበቀ፣ በስፖርትም ወታደሩን ከወታደር የሚያወዳድር ጦር ነበር። ኮሌጅ ገብቶ ስፖርት የተማረ ስንት አለ፤ ለአበበ ግን ኮሌጁ ጦር ሰፈሩ ሆነ። ሥራው ካለበት ከአዲስ አበባ እስከ ሱሉልታ ተራሮች ድረስ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር በየቀኑ ሄዶ ይመለስ እንደነበር ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1956 በጦር ኃይሎች ውድድር ከስመ ጥሩው ዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ያን ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፍላለች፤ ሜልቦርን ነበር ውድድሩ፤ አበበ ግን አልሄደም።

አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ይባላሉ። ፊንላንድ ተወልደው ስዊድን ያደጉ፣ ራሳቸውም ሯጭና የጦር መኮንን የነበሩ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አበበን ያገኙት ክብር ዘበኛ ውስጥ ሲሆን እስከ መጨረሻው አልተለዩትም። ወታደር ለወታደር ቶሎ ይግባባል መሰለኝ።

ከሮም በፊት በነበረው የክረምት ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ማራቶን አበበ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት በጊዜው ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ከፍታው ላይ መሮጡን አስቡት። ዓለም ግን አልሰማም፣ የሰማም አላመነም።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። ሩጫው ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀመረ፤ ሲጨልም የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆሙ። ስለ ባዶ እግሩ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ጫማ መግዣ አጥቶ ይመስለዋል። አይደለም። ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ የሚስማማው ግን አልተገኘም። የማይስማማ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በባዶ እግሩ ደግሞ ልምምድ ሠርቷል። ስለዚህ አስቦበት የወሰነው ነው። እዚህ ጀበል ኩጁር ሥር ድንጋይ እየፈለጡ የሚያድሩ ሰዎች ባዶ እግር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻቸውም፤ ግን በማጣት ባዶ እግር መሆንና አስልቶ ጫማን መተው ለየቅል ናቸው።

በውድድሩ እንዲጠነቀቅለት የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ ቁጥሩ 26 ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሰውየው ግን 185 ለብሶ መጣ። አበበ ከጎኑ ከሚሮጠው ሰው ጋር ሆኖ 26ን ፊት ለፊት ሲፈልግ ቆየ ይባላል። መጨረሻው ሲቃረብ የአክሱም ሐውልት ብቅ አለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ዘርፎ ሮም ያቆመው ሐውልት ነው። አበበና አሰልጣኙ ፍጥነት የሚጨመርበት ቦታ አድርገው አስቀድመው የመረጡት እሱን ነበር። እዚያ ሲደርስ አፈተለከ፤ በኮንስታንቲን ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከ2 ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ፤ ያሻሻለው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። (ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አክሱም ላይ እንደገና የቆመው ደግሞ በ2008።)

አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ተቀበለው። ጃንሆይ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕረጉም አስር አለቃ ሆነ። ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ግርማሜ ተገደሉ፣ መንግሥቱ ተሰቀሉ፤ ከክብር ዘበኛ ብዙው ሞተ፣ ቀሪው ተበተነ። አበበም ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተጠየቀና ተለቀቀ። የዓለም ጀግና መሆን ከእስር እንደማያድን እዚህ ያለን ሰዎች በደንብ እናውቃለን።

በ1961 እ.ኤ.አ. አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ አከታትሎ አሸነፈ። ቦስተን ላይ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ግን አምስተኛ ሆነ፤ ብርድና ነፋስ ነበር፤ ከማሞ ወልዴ ጋር ሆነው መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጥነው ዳገቱ ላይ ደከሙ።

ቶኪዮ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ ጥቅምት 11 ነው፤ አምስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እንደ ሐኪም ነገር ቢሆን መሮጥ ቀርቶ በቅጡ መራመዱም ያሳስባል። አበበ ግን ቶኪዮ ሄዶ፣ ዘንድሮ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሁለተኛው እንግሊዛዊ ጋር የነበራቸው ልዩነት ከአራት ደቂቃ በላይ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ መስመሩን አልፈው ሲወድቁ እሱ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያም ወታደር ነው። የአገሩ ሕዝብ የጣለበት ተስፋ ከብዶት፣ ጉዳትም ተጨምሮበት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ራሱን አጠፋ። ጀግንነት ሸክምም ነው።

ከቶኪዮ መልስ አበበ መቶ አለቃ ተባለ፤ መኮንን ሆነ ማለት ነው። ቤትና ቮልስዋገን መኪናም ተሰጠው። ይህችን መኪና አስታውሷት።

ሜክሲኮ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. እግሩን እያመመው ነው የጀመረው። 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ግን ቀጠለና አሸነፈ፤ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አገኘች። ሲመለሱ አበበ ሻምበል ተደረገ። እስካሁን የምንጠራው በዚያ ማዕረግ ነው።

አምስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያቺ ቮልስዋገን ተገለበጠች። አበበ ውስጧ ተቀርቅሮ አደረ፤ ያወጡት ሲነጋ ነው። ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሲደርስ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሆስፒታሉ ልንገራችሁ፤ የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና። ስቶክ ማንዴቪል የህብለ ሰረሰር ጉዳት የሚታከምበት ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ነው። ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ይባላሉ። ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነበሩ፤ ከሂትለር አገዛዝ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1939 ከነቤተሰባቸው እንግሊዝ የገቡ ስደተኛ ናቸው። አዎ፣ ስደተኛ።

ከእሳቸው በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ አይቆይም ነበር። የሚገድለው ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ነው፤ የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ መመረዝ። ሐኪሞችም ተስፋ ቆርጠው ነበር የሚያስተኙት። ጉትማን መጀመሪያ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው፤ በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ። ከሥር የተጫነው ቆዳ ደም አጥቶ እንዳይሞት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሰው እጅና ሰዓት ጠባቂ ብቻ ነው የሚፈልገው። በቤቱ የማይነሳ ሰው ያለበት አንባቢ ይህቺን ቢይዛት ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ስፖርት አስገቡ። ቀስት፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ሌላም። ለጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ ለሕክምና ነው። ቀስት መሳብ የክንድ፣ የትከሻና የላይኛውን ጀርባ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ወንበር ላይ ሚዛን ጠብቆ መቀመጥን ያስተምራል። ደግሞ እግር ካለው ሰው ጋር እኩል መወዳደር የሚቻልበት ጨዋታ ነው፤ ኢላማው የሚያየው እጅና ዓይንን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት በዚያው ዕለት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ቀስት ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ነው የበቀለው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። አበበ ሮም ላይ ከሮጠ ስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እዚያው ሮም ውስጥ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች ውድድር ጀመሩ። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ይህ ነው። ያን ጊዜ አበበ አገሩ ገብቶ እልል እየተባለለት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከእነሱ እንደ አንዱ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

አበበ ስቶክ ማንዴቪል ሲደርስ ዶክተር ጉትማን ከሆስፒታሉ ሥራ በጡረታ ተሰናብተው ነበር፤ ሥርዓታቸው ግን እንዳለ ነው። ስምንት ወር ተኛ። በመጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ከመላው ዓለም ካርድና ደብዳቤ ጎረፈለት፤ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥም መጥተው ጠየቁት። ቀስ በቀስ አንገቱ ተመለሰ፤ ከዚያ እጆቹ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ከእግር ሌላ ሀብት ያልነበረው ሰው እግሩን አጣ።

በዚያ ስምንት ወር በልቡ ምን እንደተመላለሰ መገመት ለእኔ ይከብደኛል። የሚታየውን ልጻፍ። በ1962 ዓ.ም. ቀስት መለማመድ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በስቶክ ማንዴቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከመኪናው በድን ሆኖ ከወጣ ገና ዓመት ከአራት ወር ነው። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ምንም ወርቅ በማያገኝበት ጨዋታ፣ ጀማሪ ሆኖ ተሰለፈ። ለእኔ ከሮምም ከቶኪዮም ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። የማይስማማ ካለ ይከራከረኝ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጠራ። የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ነበር፤ የተጠራው በክብር እንግድነት ነው። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም። በቀስቱም በጠረጴዛ ቴኒሱም ገባ። ከዚያ በውሾች የሚጎተት፣ ጎማ የሌለው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ መሰል ነገር አለ፤ በእሱም ተወዳደረ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶና የበረዶ ውሻ ምኑ ነው? አስራ ስድስት ሰው በተሰለፈበት ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እንግዲህ በልጅነቱ ገና፣ በጎልማሳነቱ ማራቶን፣ ከአደጋው በኋላ ቀስት፣ ጠረጴዛ ቴኒስና የበረዶ ላይ ውድድር፤ አንድ ሰው ነው ይህን ሁሉ የሠራው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ለማለት አይደለም። አበበ ሕክምናም ወዳጅም አገርም ነበረው። መጋቢት 1952 ዓ.ም. ያገባት ባለቤቱ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆቹ ነበሩ። እዚህ በእንጨት ክራንች የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ውስጥ ዊልቸር እንደማይሄድም አውቃለሁ። ነገር ግን ስቶክ ማንዴቪል ያስተማረው ዕውቀት ብዙው ውድ አይደለም፤ ቀስትም በእጅ ይሠራል። ካምፕ ውስጥ የልጆች ኳስ ውድድር ስናዘጋጅ እግር የሌለውን በተመልካችነት ብቻ ባናስቀምጠው ምን ይመስላችኋል?

በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ አበበ ለሙኒክ ኦሊምፒክ በልዩ እንግድነት ተጋበዘ። በመክፈቻው በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ነው፤ ሮም ላይ ከሮጠ ልክ አስራ ሁለት ዓመት በሞላበት ቀን። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴ አርባ ዓመቱ ላይ ሆኖ ሦስተኛ ወጣ። ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ አበበ ወደተቀመጠበት ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ አረፈ፤ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ጣጣ ነበር። ዕድሜው 41 ነው። ጃንሆይ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ፤ ራሳቸውም ቀብሩ ላይ ተገኙ። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ሙሉ ወታደራዊ ክብር የተሰጠበት ነበር፤ 65,000 ያህል ሕዝብ እንደወጣ ይገመታል። ዓመት ሳይሞላ ንጉሡም ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ክብር ዘበኛ የሚባለውም ጦር ታሪክ ሆነ። አበበ የተቀበረው በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መቃብሩ ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። ማሞ ወልዴም ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ከተፈታ በኋላ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ሲያርፍ እዚያው ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።

ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ሩጫ ነው ያመጣችው፤ ከተማዋም ቶኪዮ ነበረች።